ቆጣሪው ስር የምቀመጠው እኔ ነበርኩ

ሲቀላ የሚባል ሰፈር ስንኖር ቅዳሜ ከሰዓት የአክሽን ፊልም ዲስክ እከራይና ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰባል። ልጄ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ጥቁር ሴት ሽጉጥ ይዛ ብቅ ካለች "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!" እያለች ትዘላለች። ችግሩ፣ እነዚያ ፊልሞች ላይ ቀድማ የምትሞተው ጥቁሯ ሴት ናት።

እኔ ደግሞ ዶሮ ሲታረድ እንኳን ፊቴን የማዞር ጀግና ነኝ። ስለዚህ ፊልሙን ቀድሜ ብቻዬን አየዋለሁ። ቅዳሜ የመብራት ቆጣሪው ስር እቀመጥና ሴትየዋ ልትሞት ስትል ቀስ ብዬ አጠፋዋለሁ። "ወይ መብራት!" ይላሉ ጎረቤቶቼ፤ ከሁሉም አብልጬ የምራገመው እኔ ነኝ። መልሼ ስከፍተው የሞተችበትን ቦታ አሳልፈዋለሁ።

"ሴትየዋስ?" ትላለች ልጄ።

"ደክሟት ቤቷ ገባች።"

አንድ ጊዜ ጥቁሯ ሴት እስከ መጨረሻው የማትሞትበት ፊልም አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ከቆጣሪው ርቄ ተቀመጥኩ። ጠላቶቿ ከበዋት እያለ መብራት ሄደ፤ የእውነት።

ልጄ ወደኔ ዞረች። "አባዬ፣ ይቺም ልትሞት ነው?"

"ኧረ አትሞትም! ማርያምን!"

"ታዲያ ለምን አጠፋኸው?"

ጎረቤቶቼ በሳቅ ፈረሱ። ለካ ሁሉም ያውቃሉ፣ የተሸወድኩት እኔ ብቻ ነኝ።

የኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ እየላጥን ጠበቅን። መብራት ሲመጣ ልጄ ጭኔ ላይ ወጥታ ሁለቱንም እጆቼን ጥርቅም አድርጋ ያዘች። ሴትየዋ ተነስታ፣ አቧራዋን አራግፋ እስክትሄድ ድረስ አልለቀቀችኝም።