ሴራሚክ ተሸክሜ የጠየቅኩት ይቅርታ

የኢንሹራንስ ወረቀት ሳይ ዛሬም ደሜ ይፈላል። የመረጥኩት ደግሞ ራሴ ነኝ፤ ይበልጥ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ማንም አላስገደደኝም። ጠይቄ፣ አወዳድሬ፣ አስቤበት ነው የፈረምኩት።

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ አካባቢ፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዩድ ቤት በሚባለው ሰፈር ውስጥ ለሌላ ተቋራጭ አሸዋ ስሸከምና ወለል ሳነጥፍ ዓመታት ከቆየሁ በኋላ የራሴን ሥራ ጀመርኩ። ሀብቴ አንድ አሮጌ ቫንና አንድ የሴራሚክ መቁረጫ ነበር። ኢንሹራንስ የሌለውን ወለል አንጣፊ ግን ደህና ሥራ ያለው ሰው ቤቱ አያስገባውም። ስለዚህ ሁለት ወኪሎች ዘንድ ሄድኩ። የመጀመሪያው ርካሽ ነበር፤ የሚሸፍነው ግን መሣሪያዬ ቢሰረቅ ብቻ ነው። ሁለተኛው ውድ ቢሆንም በሌላ ሰው ንብረት ላይ የማደርሰውን ጉዳት ይሸፍናል።

ሁለተኛውን መረጥኩ፤ ሥራዬን አውቃለኋ። እዚህ አገር ሴራሚኩ የሚያርፈው አሸዋ ላይ ነው፣ የውኃ ቧንቧውም የሚያልፈው በዚያው አሸዋ ውስጥ ነው። ቧንቧ ከነካህ ውኃው አሸዋውን አርሶ አርሶ የታችኛውን ጎረቤት ጣሪያ ይዞ ይወርዳል። ወኪሉን ቧንቧ ብሰብር፣ የታችኛው ቤት ቢበላሽ ትከፍላላችሁ ወይ ብዬ ደጋግሜ ጠየቅኩት። እንከፍላለን አለ፣ በእስክሪብቶው ቦታውን ሳይቀር አሳየኝ። ወረቀቱ እንደ ትራስ የወፈረ ነበር። የኔ ዕብራይስጥ ደግሞ ከሕንጻ ሠራተኛ የተለቀመ ነው፣ ያንን ሁሉ ገጽ አይዘልቅም። ፈረምኩ።

ብዙም ሳልቆይ ሮቫ ዛይን ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አሮጌ ወለል ሳነሳ መሰርሰሪያዬ ቧንቧ በሳ። ቶሎ ብዬ ውኃውን ዘጋሁት፤ አሸዋው ግን ጠጥቶ ነበር። በማግስቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ የአንዲት አሮጊት የመኝታ ክፍል ጣሪያ ልስን ተገንጥሎ አልጋቸው ላይ ወደቀ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሳቸው ወጥ ቤት ነበሩ።

ወኪሉ ጋ ደወልኩ። ጉዳቱን የሚያይ ገማች ከኩባንያው ይመጣል፣ አትጨነቅ አለኝ። ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኳቸው። አባቴ በሱዳን በኩል የመጡ ሰው ናቸው፤ ጎንደር ገጠር ሳሉ የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ፣ አሽዶድም መጥተው ያንኑ ያልተዉ ሽማግሌ።

«ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቅካት?» አሉኝ።

«ቢቱዋህ አለኝ እኮ አባባ፣ ኢንሹራንሱ ይከፍልላታል።»

«ስለ ክፍያው አልጠየቅኩህም።»

በማግስቱ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሥራ ቦታዬ ድረስ መጡ። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይቆማል፣ የተበደለው አውርድ እስኪለው። አባቴ ደረጃው ላይ ድንጋይ ፈልገው ሲያጡ፣ ከተከመረው ሴራሚክ አንዱን አንስተው አንገቴ ላይ ጫኑኝ። ያን ተሸክሜ ጎንበስ እንዳልኩ አንድ ፎቅ ወረድኩ። እውነቱን ለመናገር በጣም አፈርኩ።

አሮጊቷ በሩን ሲከፍቱ ደነገጡ። አባቴ «ልጄ ቤትዎን አበላሽቷል። ጥፋቱ የሱ ነው፣ እንደነበረ አድርጎ ይመልሳል» አሉ፤ እኔ ሴራሚኩን እንደተሸከምኩ ወደ ዕብራይስጥ መለስኩት። ነገሩ ሲገባቸው አለቀሱ፣ ሴራሚኩንም በገዛ እጃቸው አወረዱልኝ። አባቴ ቃል በምስክር ይሁን ስላሉ ያንኑ ጽፌ ፈረምኩ፣ ሽማግሌዎቹም ፈረሙ። ስወጣ ልቤ ቀሎኝ ነበር።

ገማቹ ሲመጣ አሮጊቷ ደግ የሠሩልኝ መስሏቸው ሁሉንም ነገሩት። እንዴት ያለ ጨዋ ቤተሰብ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ እዚህ ድረስ መጣ አሉት፤ ወረቀቱንም አሳዩት። እሱም ፎቶ አነሳው።

ከሳምንት በኋላ ወኪሉ ጠራኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው በል ማን አለህ? ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋትህን ማመን ክልክል መሆኑ ፖሊሳው ላይ፣ በፈረምከው ውል ላይ ተጽፏል። አይከፍሉም» አለኝ። አውጥቶ አነበበልኝ፣ እውነትም ተጽፏል። እኔ ነደድኩ። ቫኔ የት እንደሚያድር ጠይቆኛል፣ በእሳት እሠራ እንደሆነ ጠይቆኛል፣ የሰው ቤት ብታፈርስ ይቅርታ እንዳትጠይቅ ለማለት ግን አፉ አልተከፈተም። እኔስ እንዲህ ያለ ነገር ወረቀት ላይ ይጻፋል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ልወጣ ስል «ይቅርታ፣ አዝናለሁ» አለኝ። እሱ ማለት ይችላል፣ አልተከለከለማ።

ቁጣዬን ይዤ የሄድኩት አባቴ ዘንድ ነው። «አንቱ ነዎት ያጠፉኝ፤ ሽምግልናዎ ነው እንጀራዬን የቆረጠው» አልኳቸው። አባቴን እንዲያ ተናግሬ አላውቅም ነበር። እሳቸው የሴትዮዋ ጣሪያ መቼ እንደሚሠራ ጠየቁኝ። በሩን ወርውሬ ወጣሁ።

ቫኑን ሸጬ ጣሪያውን ሠራሁ። ከዚያ ወደ ተቋራጩ ተመለስኩ፣ አሸዋዬን ልሸከም። ሌላ ቫን ገዝቼ የራሴን ሥራ እንደገና ለመጀመር ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ኢንሹራንስ ስመርጥ በዚህኛው ጊዜ ስለ ቧንቧ አልጠየቅኩም። አዲሱን ወኪል፣ ካጠፋሁ ምን ማለት እችላለሁ ነው ያልኩት። ምንም አትበል፣ ስልካችንን ስጣቸው አለኝ። እየተናደድኩ ፈረምኩ።

ሮቫ ቫቭ ውስጥ ያው ነገር ደረሰ። ታች የሚኖሩት ሽማግሌ ወጥ ቤታቸው በውኃ ተበላሽቶ፣ በራፋቸው ላይ ቆመው አፍ አፌን ያዩኛል። የሚጠብቁት አንዲት ቃል ነበረች፤ አፌ ውስጥ ነበረች። የኩባንያው ስልክ ያለበትን ወረቀት ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ በሩን ዘጉት። ኩባንያው ሳያጓድል ከፈለ፣ ቫኔም ተረፈ።

ያን ቀን ቤት ስገባ አባቴ እንደ ልማዳቸው «ሰላም ዋልክ?» አሉኝ።

«ሰላም» አልኳቸው፣ ቀና ብዬም አላየኋቸው።