ሦስተኛው በሬ

ይህ ታሪክ ሊነገር የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም አልሞተበትም፣ ማንም አልታሰረበትም፤ በዚያ በደርግ ዘመን የሞቱትና የታሰሩት ሰዎች ታሪክ ደግሞ ገና ተነግሮ አላለቀም። የእኔ ነገር አንዲት ልጅ በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር መሙላቷ ብቻ ነው። ቢሰለችዎ አልቀየምም፤ ግን ጀምሬዋለሁና ትንሽ ይታገሡኝ።

ያስታወሰኝ የካርቦን ወረቀት ሽታ ነው። ዘንድሮ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ የክረምት ተማሪ ሆኜ ኮሌጅ ገብቻለሁ፤ የመጀመሪያ ዓመት። ለምዝገባ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ልጅ በመካከሉ ሰማያዊ ካርቦን የገባበት ቅጽ አቀበለችኝ። አንደኛ ምርጫ፣ ሁለተኛ ምርጫ፣ ሦስተኛ ምርጫ ይላል። ያ የቀለምና የሰም ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ እጄ ቆመ። ከኋላዬ የተሰለፉት ወጣቶች መቁነጥነጥ ጀመሩ።

«እትዬ፣ በጣም የሚፈልጉትን መጀመሪያ ላይ ይጻፉ» አለችኝ ልጅቷ፣ ያልገባኝ መስሏት።

«አውቃለሁ የእኔ ልጅ» አልኳት። ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነበር።

አባቴ በቆቦ የከብት ገበያ ደላላ ነበር። ፊደል አልቆጠረም፤ የበሬ ጥርስ ግን ያነብ ነበር። የበኩር ልጁ ስለሆንኩ ገና በሕፃንነቴ ገበያ ይወስደኝ ነበርና የሥራውን ጥበብ ያየሁት በዓይኔ ነው። ከብት ለመግዛት የመጣ ገበሬ ልቡ የወደደውን በሬ በሹክሹክታ ለአባቴ ያሳየዋል። አባቴ ያንን በሬ ዞር ብሎ እንኳ አያየውም። መጀመሪያ ሌላ በሬ ዘንድ ሄዶ ጥርሱን ይፈለቅቃል፣ ሽንጡን ይዳስሳል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይሟገታል፣ ይተወዋል። ቀጥሎ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ እዚያም እንዲሁ። ገበያው ሲሞቅ፣ አቧራው ሲነሣ፣ ሻጩ ተስፋ ሲቆርጥ፣ አባቴ ለመሄድ ፊቱን ካዞረ በኋላ በትከሻው ዘወር ብሎ «ያ ዳለቻውስ እንዲያው ለነገሩ ስንት ትለዋለህ?» ይላል። ያ ሦስተኛው ነው። የተፈለገው እሱ ነው።

«ሻጭ እጅሽን አያይም፣ ዓይንሽን ነው የሚያይ» ይለኝ ነበር። «የወደድሽውን ካወቀብሽ አበቃልሽ።»

አንድም ቀን ሲሸነፍ አላየሁትም። ይህንን ልብ ይበሉልኝ።

አሁን ደግሞ ወደ ማሽላ መጠበቂያ ማማችን ልውሰድዎ። ማሽላችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ጎብዬ በሚወስደው መንገድ በስተቀኝ ነበር። ጥቅምት ላይ እሸቱ ሲቋጥር የግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ይመጣል፤ እኛ ልጆች በእንጨት ማማ ላይ ቆመን በወንጭፍና በጩኸት እንከላከላለን። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ወፉ ከልክ አለፈና መንግሥት የመድኃኒት መርጫ አውሮፕላን ላከ። የገበሬ ማኅበሩ ቁጥቋጦውን መንጥሮ፣ ድንጋዩን ለቅሞ ማረፊያ አዘጋጀለት። ድምፁን በመጀመሪያ የሰማሁት በእግሬ ነው፤ ማማው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቢጫ ነገር ከማሽላው አናት በላይ ብልጭ ብሎ አለፈ። ወንጭፌን ጥዬ ሮጥኩ።

ስደርስ አብራሪው ጥላ ሥር ተኝቷል። አውሮፕላኑ አፍንጫው ተከፍቶ አንድ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ መካኒክ ሆዱ ውስጥ ገብቶበታል። የቤንዚንና የጋለ ብረት ሽታ፣ በሥሩም የመድኃኒቱ የሚያንቅ ሽታ ነበር። መካኒኩ ውሃ ለመነኝ። አምጥቼ ስሰጠው ፊቱን ከታጠበ በኋላ እንድቆም ፈቀደልኝ። የፈታቸውን ብሎኖች በነጭ ጨርቅ ላይ በተርታ ደርድሯቸዋል። አንዱን ላነሣ ስል እጄን ያዘኝ።

«ተራውን እንዳታበላሺብኝ! ተራው ከጠፋ አውሮፕላኑ አይነሣም።»

ከዚያ ግን አዘነልኝ መሰለኝ፣ ሲገጥም እያንዳንዷን ብሎን በተራ እኔ እንዳቀብለው አደረገ። የት እንደተማረ ጠየቅሁት። የአቪዬሽን ትምህርት የሚባል እንዳለ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ በሒሳብና በፊዚክስ ጥሩ ያመጣ እንደሚገባበት ነገረኝ።

«ሴትም ይወስዳሉ?»

«ብሎኑ ማን እንዳጠበቀው አይጠይቅም» አለኝ።

በዚያ ቀን ወፉ ግማሽ ማሽላችንን በላ። እናቴ በሳማ አቃጠለችኝ፤ ተገቢ ነበር። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ እጄን እያሸተትኩ ነው ያደርኩት።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር አልፈለግሁም። ፊዚክስ አስተማሪያችን ከአዲስ አበባ የተመደበ፣ ቀጭን፣ ኖራ በኮቱ ላይ የማይጠፋ ሰው ነበር። ፍላጎቴን ሲሰማ አልሳቀብኝም። ከክፍል በኋላ አስቀምጦ አንድ በአንድ አስረዳኝ። ለአብራሪነት ዓይንም ቁመትም ይለካል፣ ብዙ ሰው ይመለሳል፤ ጥገና ግን የሚፈልገው ጭንቅላትና ትዕግሥት ነው። የተመረቀ ሥራ ፈልጎ አይዞርም፣ ሥራው ራሱ ይጠብቀዋል። «የተበላሸ መኪና መንገድ ዳር ይቆማል» አለኝ። «ሰማይ ግን ዳር የለውም። ስለዚህ አውሮፕላን ባለበት አገር ሁሉ ጥሩ መካኒክ ይከበራል።» ይህንን በደብተሬ ጀርባ ጽፌው ነበር።

ወሬው ገበያ ደረሰ። የአባቴ ባልንጀሮች ደላሎች መሣቂያ አደረጉት።

«ልጅህ አውሮፕላን ልትደልል ነው አሉ፣ እውነት ነው?»

«ወላሂ እውነት ነው» አላቸው አባቴ። «ጥርሱን አይታ ነው የምትገዛው።»

እናቴ ግን አልሳቀችም። «ኧረ ምነው አንቱ! እጇ ግራሶ የጠጣ ልጅ ማን ያገባታል?» ስትለው፣ «አብሽሪ፣ እጅ ይታጠባል» ብሎ መለሰላት። አባቴ እንደዚህ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ክረምት የማትሪክ ውጤት መጣ። ሒሳቤም ፊዚክሴም ጥሩ ነበር። አስተማሪው ቅጹን ሲሰጠኝ ከደስታው የተነሣ ሁለት ጊዜ ጨበጠኝ፤ «በጣም የምትፈልጊውን መጀመሪያ ላይ፤ ነገ አምጪልኝ» አለኝ። በግልጽ ነው የነገረኝ። አልሰማሁም ብዬ ልዋሽዎ አልችልም።

ማታ በኩራዝ ብርሃን ቅጹን ለአባቴ አሳየሁት። ምንጣፉ ላይ ዘርግቶ፣ ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እያሳለፈ፣ እንደ ከብት ዳሰሰው።

«እዚህ ስንት ቦታ ነው የተውልሽ?»

«ሦስት።»

ፊቱ በራ። «አወቅሁት! ይኼንንስ አውቀዋለሁ። የአውሮፕላኑን ሦስተኛ ላይ አድርጊው።»

አስተማሪው ያለኝን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«እሱ ደግ ሰው ነው፤ ግን ገዝቶም ሸጦም አያውቅ። መጀመሪያ ላይ ከጻፍሽው ያውቁብሻል። አላየሽም እንዴ? እህል አለኝ ያለው ነው እህሉን ለኮታ የሰጠ። ልጅ አለኝ ያለው ነው ልጁን ለዘመቻ የሰጠ። ለመንግሥት ቢሮ የወደዱትን ያሳያሉ?»

«የበሬና የወረቀት ነገር አንድ ነው እንዴ?» አለች እናቴ ከጓዳ።

«ሁሉም ገበያ ነው» አላት።

ምን ላድርግ? አስተማሪውን ያወቅሁት ሁለት ዓመት ነው። አባቴን ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሲያሸንፍ አይቼዋለሁ። ደግሞም እንዲያ በርቶ፣ በማያውቀው ወረቀት ላይ የሚያውቀውን ነገር በማግኘቱ ተደስቶ ሳየው፣ «አይሆንም አባ» የሚል ቃል ከአፌ ሊወጣ አልቻለም። አንደኛ ላይ የመምህራን ማሠልጠኛ ጻፍኩ። ሁለተኛ ላይ የጤና ረዳት። ሦስተኛ ላይ አቪዬሽን፣ የአውሮፕላን ጥገና። አባቴ ለማየት ገልጦ ሲያነሣው አውራ ጣቱ ካርቦኑን ነክቶ ነበርና ከሦስተኛው መስመር አጠገብ ሰማያዊ አሻራ ቀረ። «ይኸው ፈረምኩልሽ» ብሎ ሣቀ።

በማግሥቱ አስተማሪው ቢሮ ውስጥ አልነበረም። ስብሰባ ተጠርቶ ነበርና ቅጹን ለጸሐፊዋ ሰጥቼ ተመለስኩ። እሱ ቢኖር ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ አይጠይቁኝ።

ምደባው መስከረም ላይ ተለጠፈ። በአንደኛ ምርጫዬ ተመድቤያለሁ። ሰሌዳው አጠገብ አስተማሪው ቆሟል፤ ቅጂውን አይቶት ኖሯል።

«ይህንን ውጤት ይዘሽ? ሦስተኛ? ማን መከረሽ?»

«እኔው ነኝ» አልኩት። «ሐሳቤን ቀየርኩ።»

ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ጠረገውና ሄደ።

ቤት እስክደርስ የምናገረውን መንገድ ላይ አሰናዳሁ። አባቴ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር።

«ሦስተኛውን ሰጡሽ?»

«ሞልቷል አሉ አባ። ዘንድሮ ከዚህ አውራጃ ማንንም አልወሰዱም።»

ከዚያ «ጎበዝ ነጋዴ ናቸው ለካ» አለ። ለመሣቅ ሞከረ። «አብሽሪ ልጄ። አስተማሪም ትልቅ ነገር ነው።»

ትልቅ ነገር ነው፤ አባቴ አልዋሸኝም። ሠልጥኜ ጎብዬ ተመደብኩ፤ ማስተማሩንም ወደድኩት። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ክፉ ዓመት መጣ። ሜዳው ነጣ፤ የከብት ገበያው መጀመሪያ በከብት ሞላ፣ ከዚያ ባዶ ሆነ። የእርዳታ እህል የጫኑ አውሮፕላኖች በላያችን ወደ ሰሜን ሲያልፉ ተማሪዎቼ ከክፍል ሮጠው ይወጡ ነበር። አልከለከልኳቸውም። እኔም በመስኮቱ አጠገብ ቆሜ ድምፁን እሰማለሁ፤ ሞተሩ ደህና ይሁን አይሁን ለማወቅ የምችል ይመስል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት ስመለስ አባቴን ደጃፉ ላይ ዱላውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። የሚደልለው ከብት አልነበረም። አውሮፕላን ሲያልፍ ሰው ሁሉ ቀና ሲል እሱ ብቻ መሬት መሬት ያይ ነበር። ያን ጊዜ የከብቱ ሐዘን መስሎኝ ነበር።

እስካሁን ያልነገርኩዎ ታናሽ እህት አለችኝ። ያኔ ገና ልጅ ስለነበረች በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አልነበራትም። እሷም በተራዋ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፤ ነርስ መሆን ነበር የምትፈልገው። ቅጹን ይዛ ስትመጣ እኔ ለክረምት ዕረፍት ቤት ነበርኩ። ዝናቡ ገና አባርቶ ግቢው ይተናል። የቤታችንን ብልሃት ከልጅነቷ ስትሰማ ስላደገች ወረቀቱን አባቴ ጉልበት ላይ አስቀምጣ ጠየቀችው።

«አባ፣ ነርሱን ሦስተኛ ላይ ላድርገው አይደል?»

ልናገር ነበር። ብናገር የራሴ ነገር አብሮ ሊወጣ ነው፤ ባልናገር ደግሞ እህቴ። አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ። ወረቀቱን ከነካርቦኑ ወደ ዓይኑ አቀረበው፣ አራቀው፣ በአውራ ጣቱ ከላይ ወደ ታች መስመሮቹን ዳሰሰ፤ ከዚያ ጣቱን ወደ ላይ መልሶ አንደኛው ላይ ተከለው።

«የምትወጅውን እዚህ ጻፊው።»

«ሦስተኛው ላይ አይደለም እንዴ የሚባለው?»

«አይ» አላት። «ይኼ ገበያ አይደለም።»

እህቴ ግራ ተጋብታ ወደ እኔ ዞረች። አባቴ ግን አላየኝም። ዓይኑን ከአጥሩ ማዶ፣ ማሽላው ወዳለበት አደረገ። ሻጭ የሚያየው ዓይን ነው ያለኝ እሱ ራሱ ነው፤ ያን ቀን ዓይኑን ደበቀኝ።

«እህትሽ ታውቃለች» አላት ቀስ ብሎ። «ሞልቷል ያለችኝ ለእኔ ብላ ነው።»

ማን እንደነገረው፣ መቼ እንደነገረው አልጠየቅሁትም። አጠገቡ ሄጄ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን አነሣና መዳፌን ገልብጦ፣ ጥርስ እንደሚያይ ሰው፣ ለረጅም ጊዜ አየው። ግራሶ አልነበረበትም፤ ኖራ ያደረቀው ቆዳ ብቻ። ጣቱ ከካርቦኑ ሰማያዊ ሆኖ ነበርና መዳፌ ላይ ምልክቱ ቀረ።

አምስት ዓመት ሙሉ እኔ ለእሱ፣ እሱም ለእኔ ስንል የተሸከምነው ውሸት በዚያ መደብ ላይ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1979 ዓ.ም. አበቃ።