ባዶ ነው ያልኩት ጠመንጃ

ሚስቴ «ሰው አሜሪካ መጥቶ ቤት ይገዛል፤ አንተ የሞተ ሰው ጠመንጃ ትለቅማለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ስፕሪንግ ቫሊ የሚባል ሰፈር የተከራየነው ቤት ጋራዥ ውስጥ መኪና ገብቶ አያውቅም። ግድግዳው ላይ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው የአሜሪካ ጠመንጃዎች ተሰቅለዋል፤ ከስራቸው ሳንጃ፣ የወታደር ኮዳ፣ ወረቀቱ የወየበ የድሮ ጥይት ካርቶን ተደርድሯል። አልተኩስባቸውም። ሰደፋቸውን በጨርቅ እያሸሁ ማየት ብቻ ነው ደስታዬ። ይሄን ለማይገባው ሰው ማስረዳት ጉንጭ ማልፋት ስለሆነ ትቼዋለሁ።

በሽታው የገባ ሰሞን አማቼ፣ የሚስቴ አባት፣ እኛው ጋ ነበሩ። ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው በረራ ሲቋረጥ በዚያው ቀሩ። እኔም የምሠራበት ካዚኖ ስለተዘጋ ሺፍት የሚባል ነገር ረስቼ ቤት ተቀምጫለሁ። ሁለት ሥራ ፈት ወንድ በአንድ ቤት! ከዚህ የባሰ ቅጣት የለም። እሳቸው ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠው ይውላሉ። እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ የሚያዩት ግን ይበቃቸዋል። የሚቃጠል መኪና፣ የተሰበረ መስታወት፣ ጥይት ለመግዛት የተሰለፈ ሰው። «ምንድን ነው የሚሉት?» ሲሉኝ፣ መተርጎሙ ሰልችቶኝ፣ «ምንም አይደል አባባ» እላለሁ። እሳቸው ግን በሆዳቸው ሌላ ያስቡ ነበር ለካ።

የዚህን አሮጌ ብረት ፍቅር ያስያዘኝ ከከተማው ማዶ፣ ሴንቴኒያል ሂልስ የሚኖር ጡረተኛ ፈረንጅ ነው። በዕድሜ ከአማቼ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ግን በእንግሊዝኛ አንቱታ የለምና እንደ እኩያ ተላመድን። መጀመሪያ ያስተማረኝ አንድ ሕግ ነው። ጠመንጃ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሰጪው ከፍቶ ያሳያል፤ ተቀባዩም ደግሞ ራሱ ከፍቶ ያያል። ወንድም ቢሆን፣ ቄስም ቢሆን።

በዚያ በጋ አንዱን ጠመንጃዬን በሱ ሳንጃ ልንለዋወጥ ተስማማን። ልቡን ስለሚያመው ሰው አይጠጋም ነበር። በራችን ላይ መጥቶ ፓርክ አደረገና ሳይወርድ ትራንኩን ከፈተልኝ። ሳንጃውን አነሳሁ፤ ጠመንጃውን በብርድ ልብስ እንደጠቀለልኩት አስገባሁ። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ «ባዶ ነው አይደል?» አለኝ። «ባዶ ነው!» አልኩት፣ በማስኬ ውስጥ ጮክ ብዬ። የኔ ጠመንጃ ባዶ ካልሆነ ማን ይሞላዋል? እጁን አውለብልቦልኝ ሄደ።

ስመለስ አማቼ ጋራዡ ውስጥ ቆመው ባዶውን ሚስማር ያያሉ።

«ያን ጠመንጃ ለሰውዬው ሰጠኸው?»

«ተለዋወጥን አባባ።»

«ታዲያ ጥይቱን አላወጣህም እኮ።»

«የምን ጥይት?»

«ያጎረስኩትን ነዋ!»

ክው አልኩ። እሳቸው ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠሉ። «ጠመንጃ ባዶውን ይሰቀላል እንዴ? ሌባ ቢመጣ በሰደፍ ልትማታ ነው? ከተማው ታምሷል፣ አንተ ብረት ትወለውላለህ። ከካርቶኖችህ ስፈልግ ለሱ ልኩን አገኘሁለት። አንዷ ተቀባብላ ከአፉ ገብታለች፣ ሌሎቹ ከሆዱ ናቸው። ልጄ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

«ሌሎቹስ ጠመንጃዎች?»

«ለነሱ ልካቸው አልተገኘም» አሉ፣ እንደማዘን ብለው።

ደሜ ፈላ። አማት ደግሞ አይሰደብ ነገር! «አባባ፣ ሰው ሊያስገድሉኝ ነው!» አልኩ። «እኔ ቤቴን ጠበቅሁ። ሳትፈትሽ የሰጠኸው አንተ» አሉኝ። ልክ ስለሆኑ ይበልጥ ተቃጠልኩ።

ስልክ ደወልኩ፤ አያነሳም። እንደገና ደወልኩ፤ አያነሳም። ሰውዬው እየነዳ ስልክ አይነካም፤ ቤቱ ሲገባ ደግሞ የትም ጥሎት ነው የሚረሳው። የመኪና ቁልፍ ይዤ ስወጣ አማቼ ኮታቸውን ደርበው ቀድመውኝ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ይቅሩ አባባ፣ በሽታ አለ።»

«ሰው ከሞተብኝ በኋላ በሽታው ምን ይጨምርብኛል? ንዳ! እኔ ያጎረስኩትን እኔ አወጣለሁ።»

ነዳሁ። ፍሪዌዩ ጭር ብሏል፤ ያን ቀን ግን የፊቴ መኪና ሁሉ የሚያዘግም መሰለኝ። ፖሊስ ቢያስቆመኝስ? ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ለሽማግሌ ሰጥቼ ነው የምቸኩለው ልለው ነው? ኤሲው እየነፈሰ ላቤ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል። ሰውዬው አዲስ ጠመንጃ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ጭኑ ላይ ያጋድመዋል፣ ያሻሸዋል፣ ከዚያ ምላጩን ስቦ ድምፁን ይሰማል። በእርግጥ መጀመሪያ ከፍቶ ያያል። ያያል አይደል? ሕጉን ያወጣው እሱ! ይሄንን ለራሴ እየደጋገምኩ መሪውን ጨምድጄ ያዝኩ።

አማቼ የማያውቁት ቅዱስ የለም፤ ሁሉንም በየተራ ጠሩ። መሐል ላይ ቆም አሉና «ሚስት አለችው?» አሉኝ።

«አለችው።»

ከዚያ በኋላ የቅዱሳኑንም ስም መጥራት ተዉ። 

ስንደርስ መኪናው በር ላይ ቆሟል። ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። በሩን ደበደብኩ፤ አንኳኳሁ አይባልም። ከፈተው። ጠመንጃው በእጁ ነው፣ ፊቱ በደስታ በርቷል።

«እንኳን መጣህ! ምላጩ እንዴት ያለ ነው! አሁን ስቤ አየሁት። ጠቅ! ምንም አላረጀም።»

ስቤ አየሁት! እፎይ አልኩ። ስቦት አልጮኸም ማለት ባዶ ነው፤ አማቼ ተሳስተዋል፣ ወይ ከሌላ ጠመንጃ ጋር አምታተውታል። ዞር ብዬ «ይኸው፣ ስቦታል! ባዶ ነው! በከንቱ አንጀቴን በጠሱት እኮ!» አልኳቸው። ሳቄም ቁጣዬም አንድ ላይ መጣ።

አማቼ ወደ ፊት ራመድ ብለው፣ ጎንበስ ብለው፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ፈረንጁ እኚህ ሰው ሊያደንቁልኝ ነው ብሎ መሰለኝ መራራቁን ሁሉ ረስቶ አቀበላቸው። አፈሙዙን ወደ መሬት አዘቀዘቁና ከምላጩ ስር ያለውን ማቀባበያ ሳቡት። አንዲት ጥይት ዘላ ደፉ ላይ ወደቀች። ደግመው ሳቡ፤ ሌላ ወደቀች። ደግመው ሳቡ፤ ሌላ።

ፈረንጁ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

ጎንበስ ብዬ መጀመሪያ የወደቀችውን አነሳሁ። አረንጓዴ ዝገት ያወጣች አሮጌ ጥይት ናት። ከኋላዋ ሳገላብጣት መሐሏ ላይ አዲስ ጉድጓድ አለ፤ ብረቱ ያበራል። ተመትታለች። ባሩዷ አርጅቶ ሳትጮህ ቀረች እንጂ ተመትታለች። አሳየሁት። ወስዶ አያት፣ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ እንደገና አያት።

«ለምን አልከፈትከውም?» አልኩት። 

«አንተ ነህ እኮ ባዶ ነው ያልከኝ» አለ።

 መቼም መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ግን ምላሴ ቀደመኝ። «ስትስበው አፈሙዙ ወዴት ነበር?»

 ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ ውስጥ አዞረ። እኔም ተከትዬ አየሁ። ወንበሩ ሳሎኑ መሐል ነው። ከወንበሩ ፊት ለፊት፣ መስኮቱ ስር፣ ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታን በስፌት መኪና ማስክ ትሰፋለች።

አማቼ እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ግን ያየነውን አይተዋል። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ደፉ ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

ሴትዮዋ ፊቷን ሳታዞር «ማነው የመጣው? ማስክ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቃቸው፤ ብዙ ሰፍቻለሁ» አለች።