በሙታን በዓል ስጨፍር

አባቴ በተቀበረ በስምንተኛው ቀን እኔ ጃፓን ውስጥ በከበሮ እጨፍር ነበር። አላወቅኩም። አለማወቄ ግን እስከ ዛሬ አላጽናናኝም፤ ወደፊትም የሚያጽናናኝ አይመስለኝም።

ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ማዕከል የማሽላ ዘር ሥራ ላይ ነው ያለሁት። ለሥልጠና ጃፓን ስላክ መርሳ ያለው ዘመድ ሁሉ መረቀኝ። አባቴ ብቻ «ቶሎ ና» ነበር ያለኝ።

ነሐሴ ላይ ያስተናገዱኝ ባልቴት ለከተማቸው በዓል ይዘውኝ ወጡ። በዚያ አገር እምነት ሙታን በዓመት አንዴ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ቤተሰብ ተቀብሎ ያስተናግዳቸዋል፤ ከዚያ የወረቀት ፋኖስ ወንዝ ላይ እየለቀቀ ይሸኛቸዋል። ባልቴቷ የሟች ባላቸውን ፋኖስ እያዘጋጁ አንድ ትርፍ ወደ እኔ ገፋ አደረጉና በአስተርጓሚ፣ «አንተስ ማንን ትሸኛለህ?» አሉኝ።

«ማንንም። እግዜር ይመስገን አባትም እናትም አሉኝ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ያቺን ምስጋናዬን ባስታወስኩ ቁጥር መሬት ብትውጠኝ እላለሁ።

ከዚያ ጭፈራ ሆነ። መሀል ላይ የእንጨት ማማ ቆሟል፤ ከበሮ መቺው እዚያ ላይ ነው፤ ሰው ዙሪያውን እጁን እያነሳና እያወረደ ቀስ ብሎ ይዞራል። እኔም ገባሁ። ቀስ ማለቱ ሲሰለቸኝ፣ የወሎዬ ነገር፣ ትከሻዬን አንቀጠቀጥኩት። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። አስተርጓሚው ቀርጾኝ ነበርና እዚያው ቆሜ ለእህቴ በቴሌግራም ላክሁላት። «ለአባባ አሳዪው» ብዬ ጻፍኩበት።

«እሺ» ብቻ አለች። ስደውልላት አንዴ ግራና ገበያ ወርዷል፣ አንዴ ተኝቷል ትለኛለች። እኔ ጅሉ፣ ገበያ የማይጠግብ ሽማግሌ እያልኩ እስቅ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ሳቅሁ።

ስመለስ መርሳ መናኸሪያ የጠበቀችኝ እህቴ ናት። «ቤቱ ቀለም እየተቀባ ነው፤ ዛሬ አክስታችን ጋ እደር» አለችኝ። እሱንም አመንኩ። ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የንስሐ አባታችንና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ለደግ አይመጣም። ሳይናገሩ ገባኝ።

ቤት ስደርስ ድንኳኑ ከፈረሰ፣ አርባውም ከወጣ ቆይቷል። እናቴ ጥቁሯን ለብሳ ተቀምጣለች። ለምን ደበቃችሁኝ አልኳት።

«አትንገሩት ያልኩ እኔ ነኝ» አለች። «በሰው አገር ብቻህን ብትወድቅ ማን ያነሳህ ነበር፣ ልጄ?»

ወጋችን ነው፣ አውቃለሁ። ለሌላ ሰው ቢሆን እኔም እደብቅ ነበር። ይቅር ልላት ግን አልቻልኩም፤ እሷ ያተረፈችኝ ይመስላታል።

እርሜን ላውጣ ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት ለወጉ አብሮኝ አለቀሰ። የእነሱ ዕንባ አልቆ ነበር፤ እኔ ገና መጀመሬ ነው። ብዙም ሳይቆይ ንፍሮ ቀረበ። አንድ ሽማግሌ እየዘገኑ ወደ እኔ ዞሩና፣ «ለመሆኑ ጃፓን አገሩ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው» አልኳቸው።

ሌሎቹም ጠጋ ጠጋ አሉ። ስለ ባቡሩ ጠየቁኝ፣ ስለ ሩዙ ጠየቁኝ። አባቴን በዚያ ቀን ዳግመኛ ያነሳው ሰው የለም።