ስለ አባት አምስት ዓረፍተ ነገር

መምህር ሆኜ ስመደብ መካነ ብርሃን የደረሰኝ በዕጣ ነው። ጎንደር አራዳ ተወልጄ ያደግኩ፣ ከከተማ ወጥቼ የማላውቅ ሴት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ዕጣው የወጣ ዕለት ብርድ እንዳለ ከሰማ በኋላ ሌላ ነገር አልጠየቀም፣ ወፍራም ብርድ ልብስ አምጥቶ ጠቀለለልኝ። በዚያች የጃናሞራ ከተማ የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ እያስተማርኩ አራት ዓመት ቆየሁ። ያን ጊዜ ሳስታውስ ቀድሞ የሚመጣብኝ ድካሙ ነው።

ከማስተማሩ ይልቅ ያደከመኝ ዕቅዱ ነው። አርብ አርብ የሚቀጥለውን ሳምንት ዕቅድ ለትምህርት ክፍሉ ተጠሪ አስረክባለሁ። ቅጹ ላይ ዓላማ፣ ይዘት፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር የሚሉ ዓምዶች አሉ፤ መጨረሻ ላይ የክፍል ሥራና የቤት ሥራ የሚጻፍባቸው ሁለት ጠባብ ሳጥኖች። ተጠሪው ጡረታቸው የተቃረበ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ባዶ ሳጥን ካዩ ወረቀቱን ምንም ሳይሉ ይመልሱልኛል። ስለዚህ እሞላለሁ። አራት ክፍል አስተምራለሁ፤ መጽሐፉ ለአራት ተማሪ አንድ ነው። የክፍል ሥራውን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ እነሱ ሲገለብጡ ደወል ይደወላል፤ የቀረው ሁሉ የቤት ሥራ ይሆናል። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ናቸው፤ አራት አምስት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፣ ቅዳሜና እሁድ ስንቅ ሊያመጡ ወደየቀያቸው ይወጣሉ። ይህን አውቃለሁ። እያወቅኩም ሳጥኑን እሞላለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ምዕራፉ ስለ ቤተሰብ ሆነ፤ ሰዋስዉ ደግሞ የአሁን ጊዜ ግስ። ሰሌዳው ላይ ስለ አባቴ ምሳሌ ጻፍኩ፤ ነጋዴ ነው፣ አራዳ ይኖራል፣ ጨርቅ ይሸጣል፣ በማለዳ ይነሳል፣ ሻይ ይወዳል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ መመሪያውን አስቀመጥኩ፤ ስለ አባታችሁ አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ግሱ ሁሉ በአሁን ጊዜ ይሁን። ነጋዴውን በገበሬ፣ ጨርቁን በገብስ ቢተኩት ይበቃል ብዬ ነበር። አርብ የአንዱን ክፍል ደብተር ሰብስቤ በባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ማረም ጀመርኩ። የመጀመሪያው ደብተር ላይ በእንግሊዝኛ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ አባቴ ገበሬ ነው። ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ሳንጃ ይሄዳል። እዚያ ይታመማል። እዚያ ይሞታል። እኛ መቃብሩን አናውቀውም። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ሁለተኛውን ስገልጥ እዚያም ያው አባት ወደ ሳንጃ ይሄዳል፣ ይሞታል። የሳንጃ የመጀመሪያ ፊደል በሁለቱም ትንሽ ናት፣ የተሳሳተው ቃልም አንድ ነው። ሦስተኛውም እንደዚያው። በአምስተኛው ማዘኔን ተውኩ፣ በአሥረኛው ተናደድኩ፣ ከዚያ በኋላ ንዴቱም ደከመኝ፤ እጄ ብቻውን ይሠራ ነበር። እኩለ ቀን ሳይሆን ሠላሳ በሚሆኑ ደብተሮች ላይ በቀይ ዜሮ ጽፌ፣ ከጎኑ ኩረጃ የሚል ቃል አክዬ ጨረስኩ።

ሰኞ ደብተሩን ስመልስ ብዙ ተናገርኩ። የዚህ ክፍል ልጆች ሁሉ አባት አንድ ሰው ኖሯል ማለት ነው አልኩ። ጥቂቶቹ ሳቁ። ያን ንግግሬን እስካሁን አልረሳሁትም።

በዕረፍት ሰዓት አንዲት ተማሪ የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከኋላ የምትቀመጥ፣ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ናት። ደብተሯን ገልጣ ዘረጋችልኝ።

«ቲቸር፣ ለኔስ ምነው ዜሮ ሰጡኝ?»

ተኮርጆ ነዋ አልኳት።

«እነሱ ናቸው ከኔ የገለበጡት። የኔ አባት ግን እውነትም ሞቷል።»

ሲጨንቀኝ ወደ ሰዋስው ነው የምሸሸው።

«ታዲያ ሞተ አትይም? ለምን ይሞታል ብለሽ ጻፍሽ?»

«ግሱ ሁሉ በአሁን ጊዜ ይሁን ብለውን ነበር።»

ወደ ውስጥ አስገብቼ አስቀመጥኳት። አባቷ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ በወባ እንደሞተ፣ አብሮት የሄደ ጎረቤት ጋቢውን ብቻ ይዞ እንደተመለሰ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ደብተሯን የሰጠችው አንድ ክፍል አብረዋት ለሚኖሩት ልጆች ነው፤ ከእነሱ እጅ ወደ ሌሎቹ ሄደ። ዜሮውን ላጠፋው ብሞክር ቀዩ ቀለም አልለቅ አለ። ገጹን ቀደሽ ሌላ ላይ ጻፊው ብላት አይቀደድም አለችኝ። በላዩ ላይ አምስት ከአምስት ጻፍኩበት፤ ዜሮው ግን ከሥሩ ይታይ ነበር።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ፣ ሳልቆጣ፣ ባለፈው ሳምንት የጻፋችሁት ምን ነበር ብዬ ጠየቅኩ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ ተነሥቶ «መልሱን» አለኝ። ምን የሚል መልስ ስለው አላወቀም። ጥያቄው ስለ አባቱ መሆኑም አልገባውም፤ የእሱ አባት እኮ በሕይወት አለ። ከገለበጡት ብዙዎቹ ሰው እየሞተ እንደሆነ ሳያውቁ ነው የገለበጡት። ከእሷ በቀር መመሪያዬን ማንም አላነበበውም፤ እኔም አንብቤላቸው አላውቅም ነበር።

የዚያን ዕለት ክፍለ ጊዜ በሙሉ መመሪያውን ቃል በቃል በአማርኛ እየፈታን አሳለፍነው። አምስቱን ዓረፍተ ነገር እዚያው ክፍል ውስጥ እንደገና ጻፉ። ብዙዎቹ ሁለት ብቻ ጻፉ፤ ስህተት የሞላበት ቢሆንም የራሳቸው ነበር። በዚያ ሳምንት ዕቅዴ ላይ የቤት ሥራውን ሳጥን ባዶ ተውኩት። ተጠሪው ጠሩኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ገብቶኛል ልጄ» አሉኝ። «ሱፐርቪዥን ሲመጣ ግን የሚያየው ሳጥኑን ነው። አንድ ነገር ጻፊበት።»

«መመሪያ ማንበብ» ብዬ ጻፍኩ። ፈረሙልኝ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ሳጥኑ ውስጥ ያንኑ እጽፍ ነበር።

ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ጎንደር ስሄድ ለአባቴ አወራሁት። ከጁምዓ ተመልሶ ሱቁን እየከፈተ ነበር።

«እናቷስ?» አለኝ።

አልጠየቅኳትም ነበር። ስመለስ ጠየቅኳት፤ እናቷ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ሁለት ታናናሾቿን ታሳድጋለች።

ያ ለውጥ ብዙ ነገር አደረገ ማለት አልችልም። ኩረጃው ቀነሰ እንጂ አልቆመም። በየክፍለ ጊዜው መመሪያ ስንፈታ ከዓመቱ ዕቅድ ኋላ ቀረሁ፤ ሰኔ ሲደርስ ሦስት ምዕራፍ ሳልነካ ቀረሁና የሥራ አፈጻጸሜ ላይ ተጻፈብኝ። ሳልከራከር ፈረምኩ፤ ለክርክር አቅሙ አልነበረኝም። ያለፈ ጊዜ ግስ ላይ ስንደርስ ስለ ቤተሰብ ጻፉ አላልኩም፣ ስለ ገበያ ቀን አስጻፍኳቸው። ልጅቷ ስለ አንዲት በግ ጻፈች፤ ግሶቿ ሁሉ ትክክል ነበሩ።

አሥረኛን አልፋ መሰናዶ ደባርቅ ደረሳት። መስከረም ላይ መኪና መሳፈሪያው ጋ አገኘኋት፤ የተጠቀለለ አንሶላዋንና አንድ ጆንያ ድንች መኪናው ላይ እያስጫነች ነበር። እዚያ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት እንዴት ናቸው ብላ ጠየቀችኝ። አላውቃቸውም፣ መመሪያው ካልገባሽ ግን እጅሽን አውጪ አልኳት። እሺ ብላ ተሳፈረች። እኔ አራት ክፍል ይጠብቀኝ ስለነበር መኪናው እስኪነሳ አልቆየሁም።