ያልወረደው ፈረሰኛ

ከውጫሌ በላይ ባሉት መንደሮች ፈረስ የሚገራው አያ ኑርዬ ነው። አለንጋ አይዝም። ፈረስ ሲደነብርበት ከመግፋት ይልቅ ራሱ ወደ ኋላ ሸሸት ይላል፤ ጎረምሶቹም ይስቁበታል። እሱ ግን «የፈራ ፈረስ ጥጋበኛ አይደለም፣ መሸሻ ነው ያጣው» ይላል።

አንዳርጋቸው የሞተ ዕለት፣ እንደ አገሩ ወግ፣ ዳማ ፈረሱ ኮርቻ ተጭኖ፣ የሟች ጋቢና ጠመንጃ ላዩ ላይ ተደርጎ ለቅሶው መሐል ዞረ። ሚስቱ ለተብርሃን ኮርቻውን አንቃ ይዛ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ ዳማው ኮርቻ ባየ ቁጥር በላብ ይጠመቃል፣ ይንቀጠቀጣል። መንደሩም አፉ አያርፍ፣ «ጌታው ገና አልወረደም» አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም በዚያ ደጅ ሳልፍ ፀጉሬ ይቆም ነበር።

ለተብርሃን ኑርዬን አስጠራችው።

«ወይ አቅናልኝ፣ ወይ ሐይቅ ገበያ ወስጄ ለጋሪ ልሽጠው። ሲንቀጠቀጥ ማየት አልቻልኩም።»

ኑርዬ ኮርቻውን መሬት ላይ፣ ከገብሱ አጠገብ አኖረው። ዳማው ሲሸሽ ዝም ይለዋል፤ ሲጠጋ «አብሽር፣ አይዞህ» ይለዋል። ውሎ አድሮ ጀርባው ላይ ጣል አድርጎ ወዲያው ማንሳት ጀመረ። ፈረሱም እየለመደ መጣ። ለተብርሃን ከቤት ብቅ ስትል ግን ገመዱን በጥሶ ሊሄድ ይደርሳል።

«አንቺን ነው የሚፈራው፣ ለተ» አላት። «ያ ጩኸትሽ አልወጣለትም። አንዳርጋቸው ሲጭነው ምን ትይው ነበር?»

«ጌታህን በደህና መልስልኝ።»

«እሱኑ በይው።»

መጀመሪያ ድምጿ ተሰበረ፤ ፈረሱም ሸሸ። በየጠዋቱ እየወጣች አለችው። ድምጿ የቀና ዕለት ዳማው አንገቱን ዝቅ አድርጎ በረጅሙ ተነፈሰ። ኑርዬ ተቀመጠበትና እስከ ወንዙ ደርሶ ተመለሰ።

«አየሽ!» አለ ደስ ብሎት እየወረደ። «ማንም የለበትም።»

ለተብርሃን ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። መንደሩ «ጌታው አልወረደም» ሲል እሷ ስትቆጣ ነው የምናውቃት። ለካስ ከሁላችን ይልቅ ያመነችው እሷ ነበረች።

«አያ ኑርዬ፣ እንግዲህ ወረደ ማለት ነው?»

«አብሽሪ» አላት።

ፈረሱ ረጋ ብሎ ቆሟል። የምትንቀጠቀጠው እሷ ናት። ኑርዬም ልጓሙን እንደያዘ ወደ ኋላ ሸሸት አለላት።