እስከ ፈተናው ድረስ

ከሰው ቤት የስፌት ማኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቆም ብዬ እጠብቃለሁ፤ የምጠብቀውም ድምፁ እስኪቋረጥ ነው። አሥመራ፣ ገዛ ባንዳ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የጣሊያን ቪላ ጀርባ በተከራየነው ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሰው ቀሚስ ትሰፋ ነበር፤ እግሯ ፔዳሉን ሲረግጥም ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ይንጫጫ ነበር። ታዲያ የወታደር ካሚዮን በመንገዱ ባለፈ ቁጥር እግሯን ታነሣና ጸጥ ትላለች፣ ካሚዮኑ ደጃችን ሳይቆም ማለፉን በጆሮዋ ካረጋገጠች በኋላ ነው መርፌው እንደገና የሚሄደው። እኔና ታላቅ ወንድሜ ሀብቶም የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ ከፊታችን ዘርግተን፣ እሷ ጸጥ ስትል አብረናት ጸጥ እንል ነበር።

ዘመኑ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ከንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ግዛቶች አንዷ የሆነችበት ነበር። በትምህርት ቤታችን የትግርኛው መጽሐፍ ከመደርደሪያው ተነሥቶ በአማርኛ ተተክቶ ነበር፤ ይህን የምጽፍበትን ቋንቋም ያኔ ነው በግድም በውድም የለመድኩት። ሀብቶም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በአማርኛ ሲጠየቅ ጥርሱን ነክሶ ዝም ይል ነበር፣ ለእንግሊዝኛ ግን ነፍሱን ይሰጥ ነበር፤ የማናችንም ስላልሆነ ይመስለኛል። አባታችን ምጽዋ ወደብ ሲሠራ በወባ ከሞተ ወዲህ የቤቱ ወንድ እሱ ብቻ ነበር። እኔ አለሁ፣ ነገር ግን ሴት ልጅ ጠመንጃ ይዛ በረሃ አትገባም ብላ እናቴ ታምን ስለነበር ስለ እኔ አትሠጋም ነበር፣ ኋላ ግን ሴቶቹም ሲገቡ ዘመን አሳፈራት።

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ የሀብቶምን ፍራሽ ፀሐይ ላይ ልታናፍስ ብታነሣው፣ በገመድ የታሰረ ብርድ ልብስና አዲስ የላስቲክ ጫማ ከሥሩ አገኘች። ከሰፈራችን ስንቱ ልጅ እንዲህ ጠቅልሎ፣ በሓዝሓዝ ሰፈር በኩል ወጥቶ፣ ሸማቂዎቹ ወዳሉበት ወደ ሜዳ እንደገባ ታውቅ ነበርና ስለ ዕቃው ሳትጠይቀው ፍራሹን መልሳ አነጠፈችው። ነጠላዋን አጣፍታ ሄዳ የንስሐ አባታችንን ቀሺ መሓሪን ይዛ መጣች፣ ሀብቶምንም በፊታቸው አስቆመችው።

«አትሂድ ብልህ አትሰማኝም፣ ወደይ፣ ልጄ» አለችው። «እኅትህን ለምለምን ግን ማን ያስተምርልኛል? ሰኔ ላይ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለባት። እሷ እስክትፈተን ብቻ ቆይልኝ።»

«እወ፣ ኣደይ። እቆያለሁ።»

«ቃልህን አምናለሁ፣ ልብህን ግን አላምነውም» አለችና ወደ ቄሱ ዞረች። ቀሺ መሓሪ መስቀላቸውን አውጥተው፣ እኅትህ ሳትፈተን አንተ ከአሥመራ ብትወጣ የተገዘትክ ሁን አሉት፤ እሱም ደሙ ከፊቱ ሸሽቶ መስቀሉን ተሳለመ። በእኛ ቤት ግዝት ቀልድ አልነበረም። ያሰረው ቄስ ራሱ ካልፈታው በቀር ሌላ ሊፈታው አይችልም፣ ተላልፎት የሄደም መዘዙ ለቤተሰቡ ይተርፋል ይባል ነበር። እናቴ በልቧ ያሰበችው፣ ሰኔ ሩቅ ነው፣ እስከዚያ የልጅ ልብ ይበርዳል ብላ ነበር።

ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ጉሙ ከአርበሮቡዕ ቁልቁለት በኩል እየወጣ መንገዱን ሲሸፍነው፣ ሀብቶም ካፖርቱን ሳያወልቅ ያስተምረኝ ነበር። የጀመረው በሥርዓተ ነጥብ ነው። ሌላው ሁሉ ቢጠፋሽ ነጥቡን በቦታው ካኖርሽ ፈታኙ ይራራልሻል ይለኝ ነበር። ዓረፍተ ነገር በትልቅ ፊደል እንደሚጀምር፣ የሰውና የከተማ ስም መካከል ላይም ቢሆን በትልቅ ፊደል እንደሚጻፍ፣ የእኛው አራት ነጥብ ለእነሱ አንዲት ነጥብ ብቻ እንደሆነች፣ ኮማ የት እንደሚገባና የት ገብቶ እንደሚያሳፍር እየመታ እየሳቀ አስጠናኝ። ከዚያ ወደ ግሥ ሄድን፤ «ሂ» እና «ሺ» ሲመጡ ግሡ የ«ኤስ» ጅራት ያበቅላል ይለኝ ነበር፣ እኔም ጅራቱን እረሳና በማስመሪያ ጣቴን እነካ ነበር።

ያልታሰበው ተማሪ ግን እናቴ ነበረች። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሳታውቅ ከስፌቷ ላይ ሆና ትከታተለን ነበር።

«ያ የነጥቡ ነገር አለቀ?» ትለዋለች።

«አልቋል፣ ኣደይ። አሁን ኃላፊ ጊዜ ላይ ነን።»

«ኣይፋል፣ ድገምላት። ትናንት ስታመነታ ሰምቻታለሁ።»

አላመነታሁም ነበር። ኮማን እስከ ምጽአት አልረሳውም። ነገር ግን ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር ፈተናው የቀረበ፣ ወንድሜም ወደ በሩ አንድ እርምጃ የተጠጋ ይመስላት ነበርና መጽሐፉ እንዳያልቅባት ትለምን ነበር። ሀብቶም ትከሻውን እየነቀነቀ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመልሰኝ ነበር። እኔም እየሰለቸኝ፣ እንደ እሷም እየፈራሁ እጽፍ ነበር።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ የማነ የሚባለው የገጀረት ሰፈር ልጅ፣ የሀብቶም የልብ ጓደኛ፣ ቤት ድረስ መጣ። እናቴ ለደንበኛ ቀሚስ ልታደርስ ወጥታ ነበር፣ እኔም ልጅ ናት ተብዬ እንደ ወንበሩ ተቆጠርኩ።

«ከፋሲካ በኋላ እንወጣለን» አለው። «ዝግጁ ነህ?»

«ግዝት አለብኝ። እስከ ሰኔ።»

የማነ እኔን አየኝ፣ ደብተሬንም አየ፣ ሳቁ አመለጠው። «ሰው በሰንሰለት ሲታሰር አይቻለሁ፣ በኮማ የታሰረ ግን አንተን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ!» ሀብቶምም ሳቀ፣ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። ፋሲካ አልፎ የማነና ሌሎች የክፍሉ ልጆች ከትምህርት ቤት ጠፉ፣ እናቶቻቸውም ጥቁር ሳይለብሱ ማዘን ጀመሩ።

ከዚያ ወዲያ ከተማው ጠበበን። የሄዱትን ማግኘት ስላልተቻለ የቀሩት ጓደኞቻቸው ይፈለጉ ጀመር፤ አንዱ ከፌርማታ፣ አንዱ ከኳስ ሜዳ እየተወሰደ ወላጆቹ የት እንዳለ እንኳ አይነገራቸውም ነበር። ከግቢያችን ፊት ለፊት ባለው ቡና ቤት አንድ ሰው በየቀኑ እየመጣ ሻሂ ያዝዝና ሳይጠጣው ያቀዘቅዘው ነበር። እናቴ አሁን ካሚዮን ሳያልፍም እግሯን ከፔዳሉ ታነሣ ነበር። በግንቦት መጀመሪያ አንድ ጧት የያዘችውን መቀስ አስቀምጣ፣ «ሂድ» አለችው። «ዛሬውኑ ሂድልኝ።»

«ግዝቱስ?»

«እኔ ነኝ ያስገዘትኩህ፣ እኔው ትቼዋለሁ!»

«ያንቺ አይደለም ኣደይ፣ የቄሱ ነው» አላት ሀብቶም። «በረሃ ሆኜ አንቺ ታመምሽ ወይ ለምለም ሞተች ቢሉኝ፣ በእኔ ነው እያልኩ መኖር አልችልም። ይፍቱኝና እሄዳለሁ።»

ወደ ቀሺ መሓሪ ቤት ሮጠች። እሳቸው ግን ለሱባዔ ወደ ደብረ ቢዘን ወጥተው ነበር። ያ ገዳም ሴት አይወጣውም። እናቴ ግን በማግስቱ በጧቱ ሊቶሪና ባቡር ተሳፍራ ነፋሲት ወረደች፣ ከተራራው ግርጌ ቆማም መልእክቷን ይዞ ወጥቶ መልስ የሚያመጣላት ዲያቆን እስክታገኝ መንገደኛውን ሁሉ ስትማጸን ዋለች።

በዚያን ቀን ሀብቶም፣ እንደ እውነተኛው ፈተና ይሁን ብሎ ጥያቄ አውጥቶ ሰጥቶኝ ነበር። ነጥብና ኮማ የሌለው ረጅም ጽሑፍ ነው፣ በየቦታው ማስገባት ነበረብኝ። ከግማሹ ሳልደርስ ሁለት ሰዎች ከትንሽ መኪና ወርደው ገቡ። ሸካራ ሰዎች አልነበሩም። አንደኛው ንጹሕ ትግርኛ ይናገር ነበር፣ ባርኔጣውን አውልቆ ሰላም አለን፣ አንገቱን አስግጎም ጽሑፌን አየና፣ «ጎበዝ፣ ለሚኒስትሪ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ፈራሁት፣ በትሕትናው ይበልጥ ፈራሁት።

«ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ አሁኑኑ ይመለሳል» አለ።

ሀብቶም እርሳሱን አስቀምጦ ተነሣ። «ቀሪውን ጨርሺ» አለኝ፤ «ስመለስ አርምልሻለሁ።» እኔም ጨረስኩ፣ ምን ላድርግ፣ የታዘዝኩትን ጨረስኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቴ ከግቢው በር ጀምራ እየጮኸች ገባች። «ፈቱት! ቀሺ ፈቱት! ሓውኺ ኣበይ ኣሎ? ወንድምሽ የት አለ?» ነጠላዋ አቧራ ለብሷል፣ ፊቷ ግን ከመስከረም ወዲህ አይቼው የማላውቀው ብሩህ ፊት ነበር። ወንበሩን አየች፣ ካፖርቱን አየች፣ እኔንም አየች። ከዚያ የሀብቶም ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሰኔ ላይ እጄን ይዛ እስከ መፈተኛው በር አደረሰችኝ፣ ተፈተንኩ፣ አለፍኩም፤ በእንግሊዝኛው ያገኘሁት ውጤት ሲነገረኝ ጠላሁት። የት እንደታሰረ ካወቅን በኋላ ለሀብቶም ወደ እስር ቤቱ ምግብ እናመላልስ ነበር። አንድ ቀን ጠባቂው ሳህኑን አልቀበልም አለን፣ ለምን እንደሆነም አልነገረን፤ እናቴም አልጠየቀችውም።

ነፃነት ከመጣ በኋላ አንድ ሽበታም ሰው እያነከሰ ደጃችን ቆመ። የማነ ነበር። እናቴ አርጅታ ዓይኗ ደክሞ ነበር፣ ስሙን ስነግራት ግን ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው፣ አጠገቧም አስቀመጠችው። ስለ ሀብቶም ሞት ሊያጽናናት ሲጀምር አቋረጠችው።

«አንተ ስትወጣ እናትህ ምን አለችህ?»

«አልነገርኳትም፣ ኣደይ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ዳቦ ገዝቼ እመጣለሁ ብያት ነው የወጣሁት። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።»

«ጽቡቕ ጌርካ» አለችው። ደግ አደረግህ ማለቷ ነበር። ከዚያ ምሳ እንዳቀርብለት ነገረችኝ።

እናቴ ያኔ የነበረችበትን ዕድሜ ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ያኔ እናት ልጇን በመስቀልም በፈተናም አስራ የምታኖረው ይመስላት ነበር፣ ያሰረችውም ከፍቅር ብዛት ነበር፣ ይህን እኔ እመሰክርላታለሁ። ዛሬ የእኔ ልጅ ለመንገድ ሲነሣ እስከዚህ ቀን ቆይልኝ ብዬው አላውቅም፣ ጎረቤቶቼም ልበ ደንዳና ናት ይሉኛል። ልመናው አንደበቴ ላይ ሲደርስ ዞር ብዬ ሌላ ሥራ እነካለሁ፣ በሩን ዘግቶ ሲወጣም ከዚያው ሆኜ እሰማዋለሁ።